የመሥመሩ ዳርቻ፦ የደንበኛን መሣሪያ ከአገልግሎት ሰጪ መሥመር ጋር የማገናኘት መብት እንዴት እንደ ተገኘ

ኢንተርኔት ወደ ገባበት መኖሪያ ቤት የዘለቀ ሰው በግድግዳው አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየቱ የተለመደ ነው። አንደኛው አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ያመጣው ሞደም ሲሆን ሁለተኛው የቤቱ ባለቤት በገንዘቡ ገዝቶ ያስገባው ራውተር ነው። ሁለቱን የምታገናኘው አንዲት አጭር ገመድ ናት። ርዝመቷ ከአንድ ክንድ ብዙ አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ የኩባንያው ሥልጣን የሚያበቃውና የባለቤቱ ሥልጣን የሚጀምረው እሷ ላይ ነው። ይህች ድንበር እዚያ ቦታ ላይ እንድትቆም በፍርድ ቤት፣ በመንግሥት ኮሚሽንና በፓርላማ ከስድሳ ዓመት በላይ ክርክር ተካሂዶባታል፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መሐንዲሶች የመሥመሩ ዳርቻ የት እንደ ሆነ ሲጠየቁ መልሱን በቮልትና በዴሲቤል መስጠት ይቀናቸዋል። ጥያቄው ግን በመሠረቱ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የዳርቻውን ቦታ የሚወስን ወገን ከዳርቻው ወዲህ ማን ምን ዓይነት መሣሪያ ሊሠራ፣ ሊሸጥና ሊጠቀም እንደሚችል አብሮ ይወስናልና። የቴክኒኩ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም መሸፈኛ ሆኖ ቀርቧል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ጉዳዩ ሕግ ዐዋቂዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከኢንተርኔት ብዙ ቀደም ብሎ በአሜሪካ የስልክ አገልግሎት ውስጥ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአሜሪካ የስልክና የቴሌግራፍ ኩባንያ፣ በአጭር አጠራሩ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ.፣ የአገሩን የስልክ አገልግሎት አብዛኛውን ክፍል በእጁ ይዞ ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ የተዘረጋው መሥመር የእሱ ነው፤ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያው የእሱ ነው፤ በደንበኛው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ስልክም የእሱ ነው። ስልኩን የሚሠራው ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው የራሱ ፋብሪካ ሲሆን ደንበኛው በየወሩ ይከራየዋል እንጂ አይገዛውም። ኩባንያው ለመንግሥት አቅርቦ ያስመዘገበው ታሪፍ፣ ኩባንያው ራሱ ያላቀረበው ማናቸውም ዕቃ በሽቦም ይሁን በኢንዳክሽን ወይም በሌላ በማንኛውም መንገድ ከስልኩ ጋር እንዳይያያዝ ይከለክል ነበር። እንግዲህ የመሥመሩ ዳርቻ የሰውዬው አፍና ጆሮ ነበር ለማለት ይቻላል።

የክልከላው ስፋት ምን ያህል እንደ ነበረ የታየው ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው አንድ ዕቃ ላይ ነው። ሀሽ-ኤ-ፎን የሚባለው ይህ ዕቃ በስልኩ መናገሪያ ላይ እንደ ጽዋ የሚገጠም ሽፋን ሲሆን፣ የተናጋሪው ድምፅ በአጠገቡ ላሉ ሰዎች እንዳይሰማ፣ የክፍሉም ጫጫታ ወደ ስልኩ እንዳይገባ የሚያደርግ ነበር። ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል። የስልክ ኩባንያው ዕቃው ታሪፉን ይተላለፋል ብሎ ደንበኞችን ማስጠንቀቅ በያዘ ጊዜ፣ የአምራቹ ባለቤት ሃሪ ተትል በ1948 ዓ.ም. ለፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን አቤቱታ አቀረበ። ኮሚሽኑ ነገሩን ሲያጓትት ከቆየ በኋላ በ1955 ዓ.ም. አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱም ዕቃው ድምፅን በጥቂቱ ስለሚያዛባ፣ አገልግሎቱንም ይጎዳል የሚል ነበር።

ተትል ግን ይግባኝ አለ። የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. የሰጠው ፍርድ አጭርና ግልጽ ነው። አንድ ሰው መዳፉን አጥፎ በመናገሪያው ዙሪያ ቢያስጠጋ ድምፁ የሚዛባው ልክ ይህ ዕቃ እንደሚያዛባው ነው፤ መዳፍን ማስጠጋት ካልተከለከለ ዕቃውን መከልከል አይገባም። ፍርድ ቤቱ ከዚህ አልፎ ወደፊት የሚያገለግል መለኪያ ትቶ ሄደ። ደንበኛው ሌላውን ሕዝብ ሳይጎዳ ለግሉ በሚጠቅመው መንገድ ስልኩን የመጠቀም መብት አለው፤ ኩባንያው በዚህ መብት ውስጥ መግባት አይችልም። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ለባለሙያ የሚጥም አንድ ነገር አለ። ለተትል የባለሙያ ምስክር ሆነው ከቀረቡት መካከል የድምፅ ምርምር ሊቁ ሊዮ ቤራኔክና የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጄ.ሲ.አር. ሊክላይደር ይገኛሉ። ሊክላይደር በ1962 ዓ.ም. የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የኮምፒዩተር ምርምር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ለኋለኛው አርፓኔት መነሻ የሆነውን ሐሳብ አሰራጨ። ቤራኔክ ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ቦልት፣ ቤራኔክ ኤንድ ኒውማን የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ለአርፓኔት የመጀመሪያዎቹን መልእክት አስተላላፊ ኮምፒዩተሮች ሠራ። እነዚህም የዛሬው ራውተር ቅድመ አያቶች ናቸው። በዚያ ኔትወርክ ውስጥ አስተላላፊው ሣጥን የኔትወርኩ ንብረት ነበር፤ ከሣጥኑ ወዲህ ያለው ኮምፒዩተር ግን የዩኒቨርሲቲው ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መገናኛ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ስለ ተሰጠ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የፈለገውን ኮምፒዩተር ማገናኘት ይችል ነበር። ስለ ድምፅ መሸፈኛ ጽዋ የተሟገቱ ሰዎች ድንበሩ በግልጽ የተጻፈበትን ኔትወርክ በመሥራት እጃቸው መግባቱ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ልብ የሚባል አጋጣሚ ነው።

የ1956ቱ ፍርድ የነካው ከመሥመሩ ጋር በሽቦ የማይገናኝ ዕቃን ብቻ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ታሪፉን በጥቂቱ አሻሽሎ ክልከላውን በሰፊው ቀጠለበት። ሁለተኛውን ፈተና ያመጣው ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ነጋዴ ነው። ካርተር ደንበኞቹ በነዳጅ ጉድጓዶችና ከከተማ በራቁ ሥፍራዎች የሚሠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ በመኪና ላይ ካለ የሬዲዮ መገናኛ ከመደበኛው ስልክ ጋር ለመነጋገር የሚያስችል መሣሪያ ሠራላቸው። በሬዲዮ ጣቢያው የተቀመጠው ሠራተኛ የስልኩን እጀታ አንሥቶ በካርተርፎን መቀመጫ ላይ ያስተኛዋል። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ወደ ሬዲዮው፣ ከሬዲዮው የሚመጣውም ወደ ስልኩ በአየር በኩል ይተላለፋል። የስልኩ ተናጋሪ ድምፁን ሲያሰማ አስተላላፊው በራሱ ይከፈታል፤ ዝም ሲል ይዘጋል። ከስልክ መሥመሩ ጋር የተያያዘች አንዲት ሽቦ እንኳ አልነበረችም። ከ1959 እስከ 1966 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት 4,500 ያህል ተሠርተው 3,500 ያህሉ ተሸጠዋል።

የስልክ ኩባንያው ካርተርፎን የሚጠቀሙ ደንበኞች አገልግሎታቸው እንደሚቋረጥ ባስጠነቀቀ ጊዜ፣ ካርተር በ1965 ዓ.ም. የንግድ ውድድርን የሚያፍን ሥራ ተሠርቶብኛል ብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም የታሪፉን ጥያቄ አስቀድሞ እንዲያይ ጉዳዩን ለመገናኛ ኮሚሽኑ አስተላለፈው። ኮሚሽኑ በሰኔ ወር 1968 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ከካርተር ጥያቄ እጅግ የሰፋ ሆነ። የሚጎዳውንና የማይጎዳውን ሳይለይ ሁሉን የሚከለክል ታሪፍ ካርተርፎንን በሚመለከት ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ተገቢ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ተገቢ አልነበረም ብሎ ሻረው። ኩባንያው ጉዳት የሚያስከትሉ መሣሪያዎችን መከልከል ይችላል፤ ነገር ግን ጉዳቱ መኖሩ መታየት አለበት።

ጉዳት ሲባል ምን ማለት ነው? የሙያው ክርክር እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ኩባንያውንም በክፋት ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። በ1970 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በኮሚሽኑ ጥያቄ ጉዳዩን አጥንቶ፣ ቁጥጥር የሌለው ግንኙነት አራት ዓይነት ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል አመለከተ። አንደኛው አደገኛ ቮልቴጅ ወደ መሥመሩ መግባቱ ነው፤ ይህ በምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሠራተኛ ሕይወት ይመለከታል። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ የምልክት ኃይል ነው፤ በአንድ ማስተላለፊያ ላይ ብዙ ንግግሮች ተደርበው ስለሚጓዙ የአንዱ መጮህ ሌሎቹን ይበክላል። ሦስተኛው የሁለቱ ሽቦዎች ሚዛን መዛባት ሲሆን የጎረቤት ንግግር እንዲሰማ ያደርጋል። አራተኛው ማዞሪያ ጣቢያውን የሚያሳስት የተሳሳተ ምልክት መላክ ነው። የመጨረሻው ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። በዚያ ዘመን የረጅም ርቀት መሥመርን ነጻ የሚያደርገው 2,600 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ስለ ነበር፣ ምንም መሣሪያ ሳያገናኝ በአፉ በማፏጨት ብቻ ጣቢያውን ማታለል የቻለ ሰው ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ የጣቢያ አሠራር እንጂ የደንበኛን ዕቃ መከልከል አልነበረም።

አካዳሚው ሁለት መፍትሔ አቀረበ። አንደኛው በደንበኛው መሣሪያና በመሥመሩ መካከል መከላከያ ሣጥን ማስገባት ሲሆን፣ ሁለተኛው መሣሪያው በታወቀ መለኪያ ተመርምሮ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ኩባንያው አስቀድሞ በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የመረጠው የሣጥኑን መንገድ ነበር። ሣጥኑን የሚያቀርበው ግን ራሱ ነው፤ የሚያከራየውም ራሱ ነው። ደንበኛው የራሱን መሣሪያ ለመጠቀም ለኩባንያው ወርኀዊ ኪራይ መክፈል ነበረበት። በአንጻሩ የኩባንያው መሣሪያ በሣጥን ውስጥ ማለፍ አላስፈለገውም። እንግዲህ አደጋው ያለው በመሣሪያው ሥሪት ላይ ሳይሆን በሻጩ ማንነት ላይ ይመስል ነበር። ዛሬ የራሱን ራውተር ገዝቶ ለማይጠቀምበት የኩባንያው ሣጥን በየወሩ የሚከፍል ደንበኛ የዚህን ነገር አመጣጥ እዚህ ያገኘዋል።

ኮሚሽኑ በ1975 ዓ.ም. የምዝገባውን መንገድ መረጠ። ኩባንያዎቹና የየስቴቱ ተቆጣጣሪዎች በፍርድ ቤት ከተሟገቱ በኋላም በ1977 ዓ.ም. ደንቡ በሙሉ ጸና። ክፍል 68 ተብሎ የሚታወቀው ይህ ደንብ የአራቱን ጉዳቶች ልክ በቁጥር አስቀመጠ። መሣሪያው ልኩን ማሟላቱ ከተመዘገበ ማንም ሠርቶት ማንም ሊሸጠው ይችላል። ዛሬ እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያውቃት ትንሿ የስልክ መሰኪያ፣ አር.ጄ. 11 የምትባለው፣ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ምዝገባ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የተመዘገበ መሰኪያ ማለት ናቸው። ከዚያ በፊት ስልክ በግድግዳው ላይ በቋሚነት በቴክኒሺያን ሲታሰር የኖረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ነቅሎ ሌላ ይሰካል። ያቺ መሰኪያ በሚዳሰስ ነገር የተገለጸች የመጀመሪያዋ የመሥመር ዳርቻ ናት።

ውጤቱ በአጭር ጊዜ ታየ። የስልክ መልስ ሰጪ መሣሪያ፣ ፋክስ፣ ገመድ አልባ የቤት ስልክ ተራ የሱቅ ዕቃ ሆኑ። ከሁሉ በላይ ግን ሞደም ነጻ ወጣ። ከዚያ በፊት የግል ሞደም አምራቾች ዳርቻውን ላለመንካት የስልኩን እጀታ በሁለት የጎማ ጽዋዎች ላይ እያስተኙ መረጃውን በድምፅ ያስተላልፉ ነበር፤ ይህም የካርተር ዘዴ ነው። በ1981 ዓ.ም. የወጣው የሄይስ ኩባንያ ስማርትሞደም በቀጥታ በመሰኪያዋ ተሰክቶ በራሱ ቁጥር ይደውል፣ በራሱም ያነሣ ነበር። በ1990ዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ አነስተኛ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች በየከተማው ሲከፈቱ የስልክ ኩባንያውን ፈቃድ መለመን ያላስፈለጋቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉም እስከ መጨረሻው ሄደ፤ በ1980 ዓ.ም. በተሰጠ ውሳኔ መሠረት ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የደንበኛ መሣሪያ ከታሪፍ ወጥቶ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ እንዲሸጥ ተደረገ። በጥር 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ ኩባንያ ተከፋፈለ።

በአውሮፓ መንገዱ የተለየ ነበር። በምዕራብ ጀርመን ስልክ የመንግሥት ፖስታ ቤት ንብረት ስለ ሆነ፣ ፖስታ ቤቱ ያላጸደቀውን መሣሪያ ከመሥመሩ ጋር ማገናኘት በወንጀል የሚያስከስስ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሐምቡርጉ ኬኦስ ኮምፒዩተር ክለብ አባላት በቤት የሚሠራ ሞደም ንድፍ አሰራጩ። የስልኩን እጀታ የሚያቅፉት ጎማዎች ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የሚገዙ የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ማሸጊያዎች ነበሩ፤ ከዚህም የተነሣ መሣሪያውን «የመረጃ መጸዳጃ» ብለው ሰየሙት። ቀልዱ የምሬት ቀልድ መሆኑ ግልጽ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በግንቦት 1988 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አባል መንግሥታት በመሣሪያ ሽያጭ ላይ የያዙትን ብቸኛ መብት እንዲተዉ አዘዘ፤ ጀርመንም ገበያውን በ1990 ዓ.ም. ከፈተች።

በዚህ ሁኔታ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎ ነበር። እንደገና የከፈተው ፈጣኑ ኢንተርኔት ነው።

በኬብል ቴሌቪዥን ገመድ ላይ መረጃ የሚያስተላልፈው ዶክሲስ የተባለው መለኪያ በ1997 ዓ.ም. ወጣ። የስልክ መሥመር ከጣቢያው እስከ ደንበኛው ድረስ ለአንድ ቤት ብቻ የተዘረጋ ሲሆን፣ የኬብሉ ገመድ ግን ብዙ ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። በዚህ ላይ የአንዱ ሞደም ያለ ተራው ቢያስተላልፍ የመንደሩን ሁሉ ግንኙነት ያውካል። አካዳሚው በ1970 ዓ.ም. የተናገረው ጉዳት እዚህ የበለጠ እውነት አለው። ስለዚህ መለኪያው አንድ ብልሃት ፈጠረ። ሞደሙ በተከፈተ ቁጥር ፍጥነቱን የሚወስን ትእዛዝ ከኩባንያው ኮምፒዩተር ይቀበላል፤ በውስጡ ያለውንም ፕሮግራም የሚያድሰው ኩባንያው ነው። ደንበኛው ሞደሙን ከሱቅ ቢገዛውም ይኸው ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት በባለቤቱ የማይታዘዝ ዕቃ ማለት ነው። ቢሆንም ደንበኛው ሞደም ከገበያ ገዝቶ ከወርኀዊ ኪራይ መዳን መቻሉ ቀላል ጥቅም አልነበረም። የ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግም የኬብል ደንበኞች መሣሪያቸውን ከኩባንያው ጋር ዝምድና ከሌላቸው ሻጮች መግዛት እንዲችሉ ደንብ እንዲወጣ አዞ ነበር።

ሞደሙ እንዲህ ለኩባንያው ካደረ፣ የደንበኛው ነጻነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከሞደሙ ኋላ የሚቀመጠው ራውተርም የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ የፈጣን ኢንተርኔት ውሎች አንድ አድራሻ ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ይሰጡ ነበር። ሁለተኛ ኮምፒዩተር ለማገናኘት ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ፣ ጭራሹንም የሚከለክሉ ኩባንያዎች ነበሩ። በግንቦት 1994 ዓ.ም. ኢጌቫንግና ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ናት የተባለውን የአድራሻ መለወጫ ዘዴ በጽሑፍ አቅርበው ነበር። ዓላማቸው 4 ነጥብ 3 ቢሊዮን ገደማ የሆነው የኢንተርኔት አድራሻ ቶሎ እንዳያልቅ ማድረግ ነበር። ዘዴው በቤት ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች የግል አድራሻ በደጃፉ ላይ በአንድ የጋራ አድራሻ ይተካል፤ የሚመለሰውንም መልእክት በመዝገቡ እያየ ለባለቤቱ ያደርሳል። ከኩባንያው በኩል ሲታይ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ስለዚህ አድራሻን ለመቆጠብ የታሰበ ነገር፣ ሳይታሰብ ድንበር አጥር ሆኖ አገለገለ። እንዲያውም በ2000 ዓ.ም. ግድም በርካሽ መሸጥ የጀመሩት የቤት ራውተሮች፣ ኩባንያው የመዘገበውን የኮምፒዩተር መለያ ቁጥር ገልብጦ የራስ የሚያስመስል ምርጫ በውስጣቸው ይዘው ይወጡ ነበር። ያ ምርጫ ለምን እንደ ተጨመረ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከእነዚህ ራውተሮች መካከል ሊንክሲስ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ያወጣው ደብሊው.አር.ቲ. 54ጂ የተባለው ሰማያዊና ጥቁር ሣጥን ታሪክ አለው። በ2003 ዓ.ም. ነገሩን የመረመሩ ሰዎች በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም ሊኑክስ መሆኑን ደረሱበት። የሊኑክስ ፈቃድ የፕሮግራሙ ምንጭ ለተጠቃሚዎች እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ፣ በዚያው ዓመት ሊንክሲስን የገዛው ሲስኮ ምንጩን አወጣ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ኦፕን ደብሊው.አር.ቲ. ማንም ሰው የራውተሩን ፕሮግራም ራሱ እንዲለውጥ አስቻለ። ያረጀ ራውተር አምራቹ ከተወው ከዓመታት በኋላ የጸጥታ እርማት የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። ተትልና ካርተር በዕቃ ያገኙትን ነጻነት እነዚህ በፕሮግራም አገኙት።

አገልግሎት ሰጪዎቹ በበኩላቸው ዝም አላሉም። ሞደሙን፣ ራውተሩን፣ ገመድ አልባውን ማሠራጫና የስልኩን መገናኛ በአንድ ሣጥን አዋሕደው ማቅረብ ጀመሩ። ለብዙ ደንበኛ ይህ ምቾት መሆኑ አይካድም። የራሱን ራውተር ከዚህ ኋላ የሚያስቀምጥ ሰው ግን እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። አድራሻው መጀመሪያ በራሱ ራውተር፣ ቀጥሎ በኩባንያው ሣጥን፣ ሁለት ጊዜ ይለወጣል። ድረ ገጽ ለማንበብ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ከውጭ ወደ ቤት የሚመጣ ጥሪ፣ ለምሳሌ ከርቀት የሚታይ የጥበቃ ካሜራ፣ በሁለት በሮች ላይ ፈቃድ ካላገኘ አይገባም። መድኃኒቱ የኩባንያውን ሣጥን ድልድይ ማድረግ ነው፤ ይኸውም የራውተርነት ሥራውን ትቶ እንደ ሞደም ብቻ እንዲያስተላልፍ ማዘዝ ነው። ይህን ትእዛዝ ደንበኛው ራሱ እንዲሰጥ የሚፈቅዱ ኩባንያዎች አሉ፤ በስልክ ተለምነው የሚያደርጉ አሉ፤ ከናካቴው የሚከለክሉም አሉ። እንግዲህ በመደርደሪያው ላይ ያለችው የአጭሯ ገመድ ዕጣ በኩባንያው ቸርነት ላይ ተንጠለጠለች።

ነገሩ ከፍ ያለ ክርክር ያስነሣው በጀርመን ነው። ኩባንያዎቹ የመሥመሩ ዳርቻ ከሣጥናችን ወዲህ ነው፤ ሣጥኑ የኔትወርካችን አካል ነው ሲሉ፣ አንዳንዶቹ የበይነመረብ ስልክ መግቢያ ቃላትን ለደንበኛው አንሰጥም ይሉ ነበር። ቃሉ ከሌለ የራስ መሣሪያ ስልክ አይደውልም። ደንበኞችና የነጻ ፕሮግራም ወዳጆች ይህን «የራውተር ግዴታ» ብለው ጠሩት፤ ተቃራኒውንም «የራውተር ነጻነት» አሉት። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደንበኛ በመረጠው መሣሪያ ኢንተርኔትን የመጠቀም መብት እንዳለው ደነገገ። ከነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የጀርመን ሕግ ደግሞ ዳርቻውን በግድግዳው ላይ ባለችው ሕይወት በሌላት መሰኪያ ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ሞደሙም ጭምር፣ የደንበኛው ምርጫ ነው። ኩባንያው የመግቢያ ቃላቱን ሳይጠየቅ መስጠት አለበት።

ሕጉ በጸና በአራተኛው ወር የደረሰው ነገር የድሮውን የጉዳት ክርክር ገለበጠው። በኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶይቼ ቴሌኮም ንብረት ከሆነው አገልግሎት 900,000 ያህል ደንበኞች ግንኙነታቸው ተቋረጠ። መነሻው ኩባንያዎች የደንበኛን ሣጥን ከርቀት ለማስተዳደር በሚጠቀሙበት መግቢያ በኩል በዓለም ዙሪያ የተሠነዘረ ጥቃት ነበር። ጥቃቱ ሣጥኖቹን ለመማረክ ባይችልም ሥራቸውን አስቆመ። የተጎዱት ኩባንያው ራሱ ያከፋፈላቸው የተወሰኑ ዓይነቶች ነበሩ፤ ጥገናውም ከኩባንያው መጣ። ከዚህ የተነሣ የደንበኛ መሣሪያ ሁልጊዜ ከኩባንያው ይሻላል ማለት አይቻልም፤ ባለቤቱ ረስቶት ለዓመታት ሳይታደስ የሚቀር ራውተር ስንት እንደ ሆነ ባለሙያ ያውቀዋል። ነገር ግን በአንድ አገር አንድ ዓይነት ሣጥን በመቶ ሺሕ ቤቶች ሲቀመጥ አንድ ስሕተት መቶ ሺሕ ቤቶችን አብሮ ይጥላል። ኔትወርኩን የሚጠብቀው የመሣሪያው አንድ ዓይነትነት ነው የሚለው የቤል ዘመን እምነት ከዚህ ወዲህ በቀላሉ አይነገርም።

በአሜሪካ ክርክሩ ወደ ወርኀዊው ሒሳብ ወረደ። ደንበኛው የራሱን ራውተር እየተጠቀመም የኩባንያውን ኪራይ እንዲከፍል መጠየቁ ቅሬታ ካስነሣ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2019 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ኩባንያው ላላቀረበው መሣሪያ ማስከፈልን ከለከለ፤ ሕጉም ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። በ1969 ዓ.ም. የመከላከያ ሣጥን ኪራይ ያማረረው ደንበኛ ይህን ቢሰማ የሚደነቀው በሕጉ መውጣት ሳይሆን ጥያቄው ሃምሳ ዓመት በመቆየቱ ነው።

የአውሮፓ የመገናኛ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዳርቻው ሊቆምባቸው የሚችሉ ሦስት ነጥቦችን በፊደል ሰየመ። አንደኛው በግድግዳው መሰኪያ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከሞደሙ በኋላ ነው፤ ሦስተኛው ከራውተሩ በኋላ ነው። ዳርቻው ከመሰኪያው ወደ ውስጥ እንዲገፋ የሚያስገድድ እውነተኛ የቴክኒክ ምክንያት መኖሩን እያንዳንዱ አገር ራሱ መርምሮ እንዲወስን ተተወ። ጣሊያን በ2018፣ ኔዘርላንድ በ2021 ዓ.ም. ባወጡት ውሳኔ መሣሪያ የመምረጡን መብት ለደንበኛው ሰጥተዋል።

አሁን ጥያቄው የሚነሣው በፋይበር ላይ ነው። በብዙ ከተሞች ከጣቢያው የሚመጣው አንድ የብርሃን ገመድ በመንገድ ዳር በመስተዋት ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፈላል። እያንዳንዱ ቤት ብርሃኑን የሚልከው በተመደበለት ቅጽበት ብቻ ነው። ያለ ቅጽበቱ የሚያበራ አንድ የተበላሸ ሣጥን የጎረቤቶቹን ሁሉ ያጨልማል፤ የተበላሸውንም ከጣቢያው ሆኖ ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም። አገልግሎት ሰጪዎች ይህን ምክንያት አድርገው ፋይበሩ የሚያርፍበት ሣጥን የእነርሱ ሆኖ እንዲቀር ይጠይቃሉ። የመሣሪያ አምራቾች ደግሞ ለኬብል እንደ ተደረገው ሁሉ የታወቀ መለኪያና ምርመራ ይበቃል ይላሉ። በጀርመን የፋይበር ሞደም ያለበት ራውተር ከሱቅ ይሸጣል። የገዛው ሰው ሣጥኑን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ለኩባንያው ይነግራል፤ ኩባንያውም ቁጥሩን በመዝገቡ ያስገባና ቅጽበቱን ይመድብለታል።